አልጋ የያዘ ሰው የሚያስታምም ሕማማትን እንዴት ይያዝ? መከራስ ከፍቅር ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቦርከና_ማዶ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰፈራችን ውስጥ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ያላቸውን እናቷን የምታስታምም ልጅ አለች። እናትየዋ ስኳርም አለባቸው፤ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ሆሳዕና እየደረሰ ነውና የጠየቀችኝን ወደዚህ አመጣሁት።

አንደኛ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ምን በድለው ይሆን?" ይላል። እውነት መከራ ቅጣት ነው? ሁለተኛ፣ ዓርብ ቤተ ክርስቲያን ውላ ካልሰገደች ሕማማቱን እንደዘነጋች ይቆጠርባታል? ሦስተኛ፣ እናትየዋ ከሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውሃ ሳልቀምስ አከፍላለሁ ብለው ቆርጠዋል፤ ማን ይመልሳቸው?

"አይዞሽ ቻይው" ለማለት ከሆነ አትድከሙ፤ እሱን ጠግባዋለች።

ዘጦሳ_ሥር (ደሴ)

ከመጀመሪያው ልጀምር። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው "ኃጢአት የሠራ እርሱ ነው ወይስ ወላጆቹ?" ብለዋል (ዮሐ 9፥2)። ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። የሰሊሆም ግንብ ተንዶ የገደላቸው 18 ሰዎችም በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃ 13፥4)። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አደረጉ፤ ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን የከፈቱ ጊዜ ነው። ኋላ እግዚአብሔር የተቆጣው ባጉረመረመው ኢዮብ ላይ አይደለም፤ "ያለ በደልህ አልተቀጣህም" እያሉ ለእግዚአብሔር ጠበቃ በሆኑት ላይ ነው (ኢዮ 42፥7)።

"መጻጉዕንስ፣ ጌታ ከአልጋው ያስነሣውን በሽተኛ (ዮሐ 5፥14)፣ 'ከዚህ የሚብስ እንዳይደርስብህ ደግመህ ኃጢአት አትሥራ' ብሎት የለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አዎ ብሎታል። ግን የተናገረው ልብን የሚያይ ነው፤ የተናገረውም ከፈወሰው በኋላ፣ በመቅደስ አግኝቶት ነው። ሳይፈውስ፣ ልብ ሳያይ ያንን ቃል የሚደግም ጠያቂ የጌታን ቦታ ወስዷል ማለት ነው።

ለጠያቂዎቹ የሚነበበው ኢሳይያስ 53፥4 ነው። "በእውነት ደዌያችንን ተቀበለ ሕመማችንንም ተሸክሞአል" ይልና ወዲያው "እኛ ግን እንደ ተመታ በእግዚአብሔርም እንደ ተቀሠፈ ቈጠርነው" ይላል። ነቢዩ "ምን በድሎ ይሆን" የሚለውን ግምት አስቀድሞ ጽፎታል፤ የጻፈውም የተመልካቹ ስሕተት አድርጎ ነው። በዚያ ግምት መሠረት ቢሆን ከሁሉ ይልቅ የተቀጣ ኃጢአተኛ ክርስቶስ ራሱ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ላይ ደግሞ የዕለተ ዓርብን ሰዓቶች እንያቸው። በሳምንቱ በሚነበበው መጽሐፍ፣ በግብረ ሕማማቱ ሥርዓት በነግህ፣ በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት እየተነበበ ይሰገዳል። በ3 ሰዓት ግርፋቱ፣ በ6 ስቅለቱ፣ በ9 ነፍሱን መስጠቱ፣ በ11 መቀበሩ ይታሰባል። በ6 እና በ9 መካከል ምን አደረገ? በችንካር ተይዞ እናቱን ለዮሐንስ ሰጠ፤ ዮሐንስም "ከዚያ ሰዓት ጀምሮ" ወደ ቤቱ ወሰዳት (ዮሐ 19፥26-27)። እናትን የሚጦር ሰው መመደብ ከሕማማቱ ታሪክ ውጭ ያለ የቤት ጣጣ አይደለም። ውስጡ ያለ ነው። ስለዚህ እናቷን ስታገላብጥ የዋለች ልጅ ሕማማትን አላሰበችም የሚል ካለ ዓርብ የሚነበበውን አልሰማም።

ይህን ስል ግን ቤተ ክርስቲያን አትሂድ ማለቴ አይደለም። ትሂድ፤ የሚቀበላት ሰው ይፈለግ።

ነጭ_ጋዎን (ደሴ፣ ነርስ)

መምህራኑ የሃይማኖቱን ይበሉ፤ እኔ የአልጋውን ልናገር። ፍቅር ያላቸው ቤተሰቦች ቤት ውስጥ በብዛት የሚበላሸው ይሄ ነውና።

ግማሽ አካል ሲዝል ትልቁ ጠላት የአልጋ ቁስል ነው። ራሳቸው መዞር ካልቻሉ ቢበዛ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጡ። በእኛ አቆጣጠር 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 11 ብላችሁ ያዙት። ልብ ካላችሁ ከላይ ከተጻፉት የጸሎት ሰዓቶች ከ6ቱ በቀር ሁሉም እዚያው ላይ ይወድቃሉ፤ ነግህን 1 ሰዓት ካላችሁ ማለቴ ነው። ልጅቷ ቤት የምትውልበት ሰዓት ሲደርስ አንድ ጊዜ ታገላብጥ፣ ከዚያ በቁሟ ወይም ተቀምጣ ትጸልይ።

አገለባበጡ፦ ፍጹም በጎን አታስተኟቸው፤ የዳሌ አጥንት ላይ ክብደቱ ያርፋል። ከጀርባ ትራስ ደግፋችሁ በግምት 30 ዲግሪ ዘንበል ይበሉ። በጉልበቶቹ መካከል አንድ ቀጭን ትራስ። ተረከዝ ፍራሽ መንካት የለበትም፤ ከባት ሥር የታጠፈ ነጠላ ወይም ጋቢ ብታደርጉ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፋል። በዛለው ወገን ክንዳቸውን ይዛችሁ አትጎትቱ፤ ትከሻው ይወልቃል። ከዳሌና ከትከሻ ሥር አንሶላውን ይዞ ሁለት ሰው ቢያነሳ ቆዳቸውም አይፋቅም።

በየቀኑ ሰውነት ሲታጠብ ጅራት አጥንቱን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን፣ ክርኑን እዩ። መልኩ ተለወጠ ያላችሁትን ቦታ በጣት ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ነጣ ብሎ ቢመለስ ደም እየዞረ ነው። ሳይነጣ ከቀረ ቁስሉ ከሥር ጀምሯል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ስለማይታይ በመዳፍ ጀርባ ዳስሱት፤ ከአካባቢው የሞቀ ወይም የደደረ ከሆነ ያው ነው። ያንን ቦታ አትሹት። ቅባት እየቀቡ ማሸት የፍቅር ይመስላል፣ ግን የተጎዳውን ሥር ይበልጥ ይበጥሰዋል። ክብደት አንሡለት፤ መድኃኒቱ እሱ ነው።

ቦርከና_ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጠበሉስ? በየቀኑ ጠዋት ተኝተው እያሉ በኩባያ ይሰጧቸዋል። ሲጠጡ ያስላቸዋል።

ነጭ_ጋዎን

እሱን ዛሬውኑ አስቁሙልኝ! አሰጣጡን ማለቴ ነው፤ ጠበሉን አይደለም። ከስትሮክ በኋላ የመዋጥ ችግር የተለመደ ነው። ሲጠጡ ማሳል ወይም ከጠጡ በኋላ ድምፅ እንደ ረጠበ ሆኖ መውጣት ፈሳሹ ወደ ሳንባ እየገባ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ አገጫቸው ወደ ደረት ትንሽ ዘንበል ይበል፣ በሻይ ማንኪያ አንዳንድ ጉንጭ፣ አንዱን ሳይውጡ ሌላ አይጨመር። ከበሉም ከጠጡም በኋላ 30 ደቂቃ አይተኙ። ያም ሆኖ ካሳላቸው የመዋጥ ምርመራ ስለሚያስፈልግ ሐኪም ይያቸው፤ እስከዚያ ጠበሉን ግንባራቸው ላይ መቀባት ይቻላል።

አክፍሎቱ ላይ ያለኝ ቃል አጭር ነው፤ አይሆንም። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው እህል ሲያቆም ስኳሩ ይወርዳል፤ መርፌውን በራሱ ሲያቆም ደግሞ ይሰቀላል። ሁለቱም ይገድላል። ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር፣ አንዳንዴም የአፍ መኮላተፍ ይመጣል። እዚህ ቤት አደጋው እጥፍ ነው፤ አንድ ጊዜ ስትሮክ የመታው ሰው ሲኮላተፍ ቤተሰብ "ደገመባቸው" ብሎ ያለቅሳል እንጂ ስኳር አይለካም። መጀመሪያ ለኩ። ከ70 በታች ከሆነ፣ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ፣ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ መለካት። ራሳቸውን ከሳቱ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም አይፈሰስ፤ ወደ ሆስፒታል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጉልባኑ። የሐሙስ ጉልባን የባቄላ ክክና ስንዴ ተቀቅሎ ጨው በዛ ብሎበት የሚቀርብ ነው፤ የጌታን ጥማት ለማሰብ ነው ይባላል። ደም ግፊት ላለበት ሰው የእሳቸው ድርሻ ጨው ሳይገባ ቀድሞ ይነሳ። ክኩም ለጥርስ ለምላስ እስኪሟሽሽ ይቀቀል፤ እንደ ጥሬ የሚንከባለል ፍሬ ለታማሚዋ ጉሮሮ አይሆንም።

የቅኔ_ቤት (ደሴ)

ለእናትየዋ ንስሐ አባታቸው ይንገሯቸው። ልጅ ስትነግራቸው "ለኔ አዝና ነው" ይላሉ፤ ሐኪም ሲነግራቸው "ሃይማኖት አያውቅም" ይላሉ። ካህኑ ሲናገር ግን ሥርዓት ይሆናል። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ሲደነግግ ድውይን ከግዴታው አውጥቶታል። አክፍሎት ደግሞ መጀመሪያውኑ ለሚችል እንጂ በሁሉም ላይ የተጣለ አይደለም፤ ብርቱ የሆነውም ሳይችል ቀርቶ ዓርብ ማታ ቢቀምስ የሚነቅፈው የለም።

ንስሐ አባትየው "አትጹሚ" ብቻ ብለው ቢሄዱ ግን እኚህ እናት ከቤተ ክርስቲያን የተባረሩ ይመስላቸዋል። ስለዚህ በምትኩ የሚችሉትን ቀኖና ይጠይቋቸው፤ ከመዝሙረ ዳዊት ጥቂት ምዕራፍ፣ የሚያነብ ከሌለ አቡነ ዘበሰማያት፣ ወይም በቀን አንድ ሰው ስም ጠርተው መጸለይ። መድኃኒት መውሰድ ጾም ማፍረስ እንዳልሆነም በግልጽ ይነገራቸው። ይህ ለስኳር ብቻ አይደለም። የቲቢ መድኃኒት የስድስት ወር ነው፤ በመሐል ለሰባት ቀን ሱባዔ የተወው ሰው በሽታውን መድኃኒት አለማምዶ ለቤተሰቡ ሊያስተላልፍ ይችላል። ያ መሥዋዕት አይባልም።

አንድ የሚዘነጋ ነገርም አለ። በሰሙነ ሕማማት ካህኑ መስቀል አያሳልምም፣ አይባርክም። ለመጠየቅ ሲመጡ መስቀሉን ባይዘረጉላቸው እናትየዋ "ተቀየሙኝ" እንዳይሉ ቀድሞ ይነገራቸው። ፍትሐትም ክርስትናም በዚያ ሳምንት የለም። ንስሐ መግባት፣ ቀንዲል (የሕሙማን ቅብዐ ቅዱስ) ማስቀባት የሚያስፈልግ ከሆነ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ይያዝ።

የጸጋ_ልጅ (ኮምቦልቻ)

እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፤ በጨዋነት ልጠይቅ። ዕብራውያን 10፥14 "አንድ ጊዜ በማቅረብ የሚቀደሱትን ለዘላለም ፍጹማን አድርጎአቸዋል" ይላል። እሱ ከበቃ 41 ጊዜ ኪርያላይሶን፣ ማታ ደግሞ 400 ስግደት ለምንድን ነው? የተከፈለን ዕዳ ደግሞ መክፈል አይሆንም? ልጅቷም "አልሰገድኩም" ብላ የምትጨነቀው ስግደቱን ክፍያ አድርጋ ስላየችው አይደለም?

የቅኔ_ቤት

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ጭንቀቷን ያየህበት መንገድም ልክ ነው። ብዙ ሰው ስግደትን እንደ ክፍያ ይቆጥራል፤ የተሳሳተውም እዚያ ላይ ነው።

ስግደት ዕዳ አይከፍልም። ቤዛነቱ የአንዱ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ቤዛ የሚሆን ደም ቤተ ክርስቲያን አታውቅም። ዓርብ ማታ በአራቱ ማዕዘን መቶ መቶ ጊዜ የሚሰገደው የቤዛነቱ ዜና ለምሥራቅም ለምዕራብም ለሰሜንም ለደቡብም ነው ለማለት ነው፤ ሰጋጁ ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለአራቱ ማዕዘን ሕዝብ ምሕረት ይለምናል። ቀጥሎ ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን ቸብ ቸብ ሲያደርግና ስግደት ሲያዝ ግርፋት አይደለም፤ ሰው የሠራውን ተናግሮ መመለሱን በአካሉ የሚቀበልበት ነው። ቁጥሩን እንደ ውድድር ይዞ "እኔ ሺህ ሰገድኩ" የሚል ጎረምሳ ግን አለ፤ በአንተ ጥያቄ ሊወቀስ የሚገባው እሱ ነው።

ቆላስይስ 1፥24 ላይ ሐዋርያው "በክርስቶስ መከራ የጎደለውን እፈጽማለሁ" ይላል። መቼም ቤዛነቱ ጎደሎ ነበር ማለቱ አይደለም። የሚቀረው የአካሉ፣ የምእመናኑ ድርሻ ነው፤ ወንጌሉ ወዳልደረሰበት ለመድረስ የሚከፈለው ድካም፣ ረሃብ፣ እስር። ጳውሎስ አንድ ሲጎድል አርባ ግርፋት አምስት ጊዜ ተገርፏል (2ቆሮ 11፥24)። ማንንም አልተቤዠበትም። ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ብሎ ነው የተገረፈው።

ዋናው ነጥብ ይኸው ነው፤ ሕመም በራሱ አያድንም። ሁለት ወንበዴዎች አጠገቡ በአንድ ዓይነት እንጨት ላይ፣ በአንድ ሰዓት ተሰቅለው ነበር፤ ማንም አልዳነባቸውም። በቀራንዮ ያዳነን ችንካሩ ከነበረ ችንካርማ ሦስቱም ላይ ነበር። በቅዳሴ ማርያም "ፍቅር ሰሐቦ ለወልድ ኃያል እመንበሩ ወአብጽሖ እስከ ለሞት" ይባላል፤ ኃያሉን ወልድ ከመንበሩ የሳበው፣ እስከ ሞትም ያደረሰው ፍቅር ነው። 13ቱን ሕማማተ መስቀል ስንቆጥር፣ መታሰሩን፣ በገመድ መጎተቱን፣ በጥፊ መመታቱን፣ የእሾኹን አክሊል፣ ሐሞት መጠጣቱን፣ የምንቆጥረው የሥቃይን ብዛት ለማድነቅ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ውስጥ ከዚያ ረዘም ላለ ጊዜ የተሠቃየ ሰው አይታጣም። የምንቆጥረው ማን ለማን እንደተቀበለው ስለምናውቅ ነው። አንደኛ ቆሮንቶስ 13፥3ም ሥጋን ለእሳት አሳልፎ መስጠት ያለ ፍቅር "ምንም አይጠቅመኝም" ይላል። ምንም።

አሁን ደግሞ ደሴን ይዤ ትንሽ ልውጣ። ከዚህ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ባሉበት ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ልደትና ተዋሕዶ ተከራክረው ለተዋሕዶ የተፈረደው ለቃላት ፍቅር ሲባል አይደለም። መለኮትና ሥጋ በእውነት ካልተዋሐዱ መስቀል ላይ የታመመው አንድ ደግ ሰው ብቻ ይሆናል፤ ደግ ሰው ደግሞ ሊያስተዛዝነን እንጂ ሊያድነን አይችልም። መለኮት በባሕርዩ አይታመምም፤ የታመመው በተዋሐደው ሥጋ ነው (1ጴጥ 4፥1)። ግን የዚያ ሕመም ባለቤት እግዚአብሔር ቃል ራሱ ነው። እኚህ እናት አልጋ ላይ ሆነው "አምላክ ይህን ያውቀዋል?" ቢሉ መልሱ ያለው እዚያ ጉባኤ ላይ ነው፤ ያውቀዋል፣ በራሱ ሥጋ።

የጸጋ_ልጅ

አመሰግናለሁ መምህር። በስግደቱ ሙሉ በሙሉ አልተስማማሁም፤ ወንበዴዎቹን ግን እንዲህ አስቤያቸው አላውቅም።

የሙጋዷ (ደሴ)

ክሩ ጥሩ ሄዷል፤ አንድ ቀዳዳ ቀርቷል። "ፍቅር መከራን ይቀበላል" የሚለው ቃል ከዚህ መድረክ ወጥቶ ሰፈር ሲገባ ባሏ የሚደበድባት ሴት ጆሮ ላይ "ቻይው፣ መስቀልሽ ነው" ሆኖ ያርፋል። አስታማሚዋም ላይ እንዲሁ፤ ወንድሞቿ ሳይረዱ "ለእናት ነው፣ ትጸድቂበታለሽ" ይሏታል። ሊቃውንቱ ይህን ካልለዩት ትምህርቱ ለሚመታው እንጂ ለምትመታው አይሆንም።

ሰኞ_ገበያ

እህቴ፣ "መስቀሉን ተሸክሞ ይከተለኝ" የሚለው እኮ የጌታ ቃል ነው። ደግሞ ቀሬናዊው ስምዖን መስቀሉን የተሸከመው ተገዶ ነው፣ በፈቃዱ አይደለም። መከራ ሁሌ ተመርጦ አይመጣም።

ዘጦሳ_ሥር

ወንድሜ፣ ስምዖንን ያመጣኸው ጥሩ ነው፤ ግን ማን አስገደደው? ወታደሮቹ። ወንጌል ስምዖንን ከነልጆቹ ስም፣ እለእስክንድሮስና ሩፎስ ብሎ ያስታውሳል (ማር 15፥21)፤ ያስገደዱትን ግን አንድም ቦታ አያመሰግንም። አንተ ሚስቱን ለሚደበድበው "መስቀሏን ትሸከም" ስትል ራስህን የምታቆመው ከስምዖን ጋር አይደለም።

ከዚያም ስምዖን ራሱ ሌላ ነገር ይነግረናል። ጌታ መስቀሉን ብቻውን አልጨረሰውም፤ ሰው ገብቶ ተሸከመለት። በጌቴሴማኒም "ከእኔ ጋር ትጉ" ብሎ ሦስቱን ለምኗል፣ መልአክ መጥቶ አበርትቶታል (ሉቃ 22፥43)። እርዳታ መቀበል ፍቅርን ያሳንሳል ብላ የምታስብ አስታማሚ ካለች ከጌታ በላይ ልትሸከም ነው።

የሙጋዷ ላነሳችው መለያው ዮሐንስ 10፥18 ነው፤ "እኔ በፈቃዴ አኖራታለሁ እንጂ ከእኔ ማንም አይወስዳትም።" ጊዜው እስኪደርስ ሊገድሉት ሲሉ አልቆመላቸውም። በናዝሬት ከገደል አፋፍ ላይ በመካከላቸው አልፎ ሄደ (ሉቃ 4፥30)፤ ድንጋይ ሲያነሡ ከመቅደስ ወጣ (ዮሐ 8፥59)፤ ሕፃን ሳለ ወደ ግብፅ አሸሹት። ጳውሎስ በቅርጫት በግንብ ወርዶ አመለጠ፤ ሊገርፉት ሲያስሩትም ሮማዊ ዜግነቱን ጠቅሶ አስቆማቸው (ሐዋ 22፥25)። እነዚህ ሁሉ መስቀል ሸሹ አይባሉም። የሚሸከሙት መከራ ሌላውን የሚያድን ከሆነ መሥዋዕት ነው፤ የሚመታውን እጅ ይበልጥ የሚያባልግ ከሆነ ግን ለማን ይጠቅማል? ለደብዳቢው እንኳ አይጠቅመውም፤ ኃጢአቱን ያበዛበታል።

የሙጋዷ

እዚህ ላይ ተግባራዊውንም ልጻፍ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መደብደብ ወንጀል ነው። ንስሐ አባት ሊያስታርቁ ሲገቡ መጀመሪያ ሊጠይቁ የሚገባቸው "ዛሬ ማታ የት ታድሪያለሽ?" ነው እንጂ "ይቅር ትይዋለሽ?" አይደለም። ይቅርታ ቤት መመለስ ማለት አይደለም፤ ይቅር ብሎ ርቆ መኖር ይቻላል። ሕክምና የሚፈልግ ጉዳት ካለ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ማስመዝገብ፣ ቀጥሎ ፖሊስ ጋ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍል ማመልከት። ሳምንት ከቆየ ሰንበሩ ይጠፋል፣ ወረቀቱም ይዳከማል።

ሰኞ_ገበያ

ስለ ወታደሮቹ የተባለውን ተቀብያለሁ።

ሸዋበር_ጎረቤት (ደሴ)

ሰላም ለናንተ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ በእምነታችሁ ጉዳይ አልገባም። ግን ጥያቄው ላይ "የሚቀበላት ሰው ይፈለግ" ብላችሁ አልፋችሁታል። ሰዉ የት ነው? ወሎ ውስጥ ሆነን ይህን መጠየቅ አልነበረብንም፤ ቅሬው አለ አይደል? ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል፣ ንፍሮ ለመቀቀል ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል የሚሰበሰበው ሕዝብ ሰው በሕይወት ሳለ አራት ሰዓት መቀመጥ ያቅተዋል? ለቅሬው ዳኛ ንገሩና ስቅለት ዕለት ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውሉ ተራውን የእኛ ሰዎች ይያዙት።

ሁለት ነገር ግን አስቡበት። ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ ጁምዓ አለ፤ ወንዶቻችን ከ6 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ገደማ አይገኙም። ታማሚዋም ሴት ስለሆኑ ማጠቡንና ልብስ መቀየሩን ሴቶች ናቸው የሚይዙት። ስለዚህ ተራው ለሁለት ሴቶች ይሁን፤ ወንድ ከተፈለገ ለማንሳት ብቻ፣ ከ8 በኋላ።

ነጭ_ጋዎን

አላህ ይስጥልን ጎረቤት፤ ሥራዬን አቀለሉት። በዚህ ከሄደ እንዲህ ይሁን፦ ጠዋት 1፣ 3 እና 5 ሰዓት ላይ ልጅቷ ራሷ ታገላብጥ፤ የጠዋቱን መርፌም እሷው ትውጋ፣ ቁርሱ ሳይቀርብ ግን አትውጋ። ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ትሂድ፤ የ6ቱንም የ9ኙንም ትደርሳለች። የ7 እና የ9 ሰዓቱን ማገላበጥ ተረኞቹ ይይዛሉ። ምሳ 7 ሰዓት ላይ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፤ ካገላበጧቸው በኋላ ሳይሆን በፊት፣ ምክንያቱም ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ መቀመጥ አለባቸው። የስኳር መለኪያው፣ ስኳሩና ማንኪያው በአንድ ሳህን ላይ አልጋው አጠገብ ይቀመጥ፤ ሲደነግጡ ሰው ጓዳ ውስጥ አይፈልግም። ኮምቦልቻ በሚያዝያ ይሞቃል፤ ታማሚዋ ውሃ ልመና ላይ አይደርሱም፣ ስለዚህ ሳይጠይቁ በየሰዓቱ ጥቂት በማንኪያ።

ልጅቷም ሰው ናት። ቀኑን ሙሉ እህልና ውሃ ሳትቀምስ፣ ሌሊቱን ስትነሳ ያደረች ሰው በዚያ ሙቀት ስትሰግድ ፈጥና ከተነሳች ትወድቃለች። ከግንባሯ ቀና ስትል በጉልበቷ ትንሽ ትቆይ።

ቦርከና_ማዶ

ጥብጠባው፣ በወይራ ቅጠል ጀርባ የሚመታበት፣ ከ11 በኋላ ነው አይደል? ከ9 ሰዓት ወዲያ ከተመለሰች ያመልጣታል ብላ ትጨነቃለች።

የቅኔ_ቤት

ያመልጣታል፤ ምንም አይደል። ንስሐ አባቷ ቀኖናዋን አስቀድመው ይስጧት፣ ስግደቱን ማታ ቤቷ ታደርሰዋለች። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ የተረፈ ካለ ወደ ቅዳሜና እሑድ አታሻግረው፣ በበዓለ ሃምሳም ስግደት የለም። ስለዚህ ቁጥሩ በአንድ ማታ የምትችለው ይሁን፤ የሌሊቱ ማገላበጥ እንዳለባት ይንገሯቸው፣ ያንን ቆጥረው ነው የሚያዙላት። የቅዳሜውን ቄጤማ ካህናቱ ሲያድሉ ለእናትየዋም ያድርሱላቸው፤ "ገብረ ሰላመ በመስቀሉ" ሲባል ግንባራቸው ላይ የሚያስርላቸው ሰው ይኑር።

ቦርከና_ማዶ

ለቅሬው ዳኛ ትናንት ተነገረ። ሁለት ሴቶች ተመድበዋል፣ አንዷ ክርስቲያን ናት፤ እሷ ከ9 በኋላ ትለቃለች። ወንድምየውም ከደሴ ቅዳሜ ወርዶ የሌሊቱን ሊይዝ ተስማምቷል። ንስሐ አባትየው አክፍሎቱን አስቀርተው በምትኩ የሰባት ሰው ስም ሰጥተዋቸዋል፣ በቀን አንድ ሰው እንዲጸልዩ። አንዱ ስም "ምን በድለው ነው" ያሉት ጎረቤት ናቸው፤ ሳቁ መሰለኝ።

ነጭ_ጋዎን

ተረኞቹ ሴቶች ሐሙስ ከሰዓት አንድ ጊዜ መጥተው ልጅቷ ስታገላብጥ ይዩ፣ ሁለተኛውን ራሳቸው ያድርጉት። በቃል ብቻ ከተነገራቸው ክንድ ይጎትታሉ። ሦስት ትራስና አንድ ትርፍ አንሶላ ይዘጋጅ፣ ትርፍ ትራስ ከሌለ ጋቢ ተጠቅልሎ ይበቃል።